የማን እንደሆነ ያልተነገረ መታጠቢያ ቤት

ስለ ሽንት ቤት ላወራችሁ ነው። ምሳ እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፣ እጠብቃችኋለሁ። ነውር ነው የምትሉትን ግን አልጠብቅም፤ እኛ ቤት ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ነውር ነው በሚለው ቃል ነውና። አንዱ ሰው አፉን ከፍቶ «ሽንት ቤቱ ራቀኝ» ቢል፣ ሌላዋም «አውቃለሁ» ብትል በሁለት ሳምንት የሚያልቀው ሥራ ሁለት ወር ፈጀ። አንድ የሽንት ቤት መቀመጫ ከበደሳ እስከ ከተማችን ጭሮ ድረስ ሰው ተጭኖበት መጣ። ግንበኛው ጋሽ በቀለም አንዱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ለሰኑት።

ከአባቴ ልጀምር። አቦ እለዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነው። ከገበያው በላይ ባለው ዳገት፣ የቤታችን በረንዳ ላይ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የስፌት መኪናውን ተክሎ ይሰፋል። የሰው ልክ በዓይኑ ያውቃል። መንገደኛ ሲያልፍ አይቶ «ይህ ሰውዬ ወገቡ ሁለት ጣት ቀንሷል» ይልና ሰላምታውን ከዚያ በኋላ ያቀርባል። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ፣ ከዚያ በፊት የሞባይል ካርድ የሸጥኩ፣ ከዚያም በፊት ጸጉር ቤት ገብቼ አሥራ አንድ ቀን የቆየሁ ልጅ ነኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። አቦ «ልክሽን ወስጄ ቀና ስል ሌላ ቦታ ነሽ» ይለኛል።

እናቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ያነሳኋት ላሳዝናችሁ አይደለም፤ ለጉዳዩ ስለምታስፈልግ ነው። አባትና ሴት ልጅ በቀጥታ የማይነጋገሩት ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። እኔ ጫማ ስፈልግ ለእሷ እነግራለሁ፣ እሱ «ያቺ ልጅ ቀሚሷ አጥሯል» ሲል ለእሷ ይነግራል። የቤቱ ማዞሪያ እሷ ነበረች። ማዞሪያዋ ከሄደች ወዲህ እኔና አቦ ስለ ሁለት ነገር ብቻ እናወራለን፤ ስለ መብራትና ስለ ውኃ። መጣ፣ ሄደ፣ ነገ ይመጣል ይላሉ። በዚህ ብቻ አራት ዓመት መኖር እንደሚቻል ባላየው አላምንም ነበር።

ባለፈው ክረምት አቦ ጎኑን አመመውና ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ኩላሊትህ ውኃ ጠምቶታል፣ በቀን ይህን ታህል ካልጠጣህ ወደ ባሰው ይሄዳል ብሎ ትልቁን የውኃ ፕላስቲክ አሳየው። አቦ ራሱን ነቀነቀ። እኔም በየጠዋቱ ፕላስቲኩን ሞልቼ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ኮራሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮራሁ። ከዚያ አንድ ቀን በረንዳው ጥግ ያለችውን የሎሚ ችግኝ ልብ ብዬ አየኋት። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፣ የጎረቤት ግቢ ሁሉ ቢጫ ሆኗል፣ የእኛ ሎሚ ግን ቅባት የተቀባች ይመስል ታብረቀርቃለች። ለካ የሐኪሙን ትእዛዝ የምትፈጽመው እሷ ኖራለች።

ለምን እንደማይጠጣ ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ብልህ ልጅ አይደለሁም። ሽንት ቤታችን ከግቢው ታች ጫፍ ነው። ከበረንዳው አርባ ሁለት እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ግቢያችን እንደ አብዛኛው የጭሮ ግቢ ተዳፋት ነው፤ ስትሄዱ ትንሸራተታላችሁ፣ ስትመለሱ ትወጣላችሁ። አቦ ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል። በአንድ እጁ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን፣ በሌላው አጥሩን ይዞ ይወርዳል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ቁጢጥ ማለት አለ፤ ከቁጢጥ መነሳትም አለ። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ቀን ሽርጡ እስከ ዳሌው ጭቃ ሆኖ አየሁትና ምን ሆነህ ነው ብዬ ጠየቅኩት። «ጭቃ ነው» አለኝ። ጭቃ መሆኑንማ አይቻለሁ።

ሰውዬው ላለመውረድ ሲል ነው የማይጠጣው።

ታዲያ «አቦ፣ ሽንት ቤቱን ቤት ውስጥ ላስገባልህ» ማለት ነው፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ለሰው ፊት ለፊት የምናገር ነኝ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣን ሰው «ይህ ጉርድ ፎቶ አንተን አይመስልም» ብዬ ደንበኛ ያባረርኩ ነኝ። እራት ላይ ደረቴን ነፍቼ «አቦ» አልኩት።

«አቤት» አለኝ።

«መብራት ዛሬ በጊዜ መጣ» አልኩት።

«አዎ፣ መጣ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ መንገድ አገኘሁ። ከአቦ መኝታ ቤት ጎን መታጠቢያ ቤት ብለን የምንጠራት ክፍል አለች። የሲሚንቶ ወለል፣ አንድ ባልዲ፣ የውኃ መውረጃ ቀዳዳና ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ አሮጌ ጎማ አለባት። እሷን ለራሴ ላሳድሳት ነው እላለሁ አልኩ በልቤ። ለእሱ ነው ካልኩ እምቢ ይላል፤ ለእኔ ነው ካልኩ አይልም። አቦ ለእኔ እምቢ ብሎ አያውቅም፣ እምቢታው ለራሱ ብቻ ነው።

እንደ ሰው መታጠብ አምሮኛል አልኩት። በመነጽሩ ላይ ቀና ብሎ አየኝና እሺ አለ። ትንሽ ሰፋ፣ ክሩን በጠሰ፣ «ጥሩ አድርጊው» አለ።

እቅዱ ያኔ ተጀመረ። መጀመሪያ የመቀመጫው ቁመት። መቀመጫ ሁሉ አንድ ይመስላችኋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን አንድ ጣት ዝቅ ካለ ቁጢጥ ነው፣ አንድ ጣት ከፍ ካለ እግሩ ይንጠለጠላል። አባቴን ደግሞ «ና ቁጭ በል ልለካህ» አልለውም። ስለዚህ በየማታው እራት ላይ የሚቀመጥበትን መለዋወጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን ዱካ፣ አንድ ቀን የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ቀን የሳሙና ሣጥን። እራቱን ጨርሶ ሲነሳ አዳምጣለሁ። ዱካው ላይ «ያ አላህ» ሁለት ጊዜ። ሣጥኑ ላይ ሁለት ጊዜና አንድ ሳል። ፕላስቲኩ ላይ አንድ ጊዜ። ከጎረቤታችን ከእትዬ ፋጡማ የተዋስኩት የእንጨት ወንበር ላይ ግን ምንም ሳይል ተነስቶ ሄደ። ወዲያው ወንበሩን በአቦ በራሱ ሜትር ለካሁት።

እትዬ ፋጡማ በየማታው ወንበር ወደ ቤታችን ሲገባ፣ በየጠዋቱ ጠጠርና አሸዋ ሲራገፍ አይተው ሽማግሌ ሊመጣልኝ ነው ብለው ገበያ ላይ አወሩ። ሦስት ሴቶች እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። አንዷ ልጁን አውቀዋለሁ አለችኝ። ማን እንደሆነ ብትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ፕላኑን ሣልኩ። በተበላሸ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጀርባ፣ በእስክሪብቶ፣ በማስመሪያ። ሰፊ በር፣ ደፍ የሌለው ወለል፣ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ የሚያዙ ሁለት ብረቶች። ይዤው ወደ ግንበኛው ወደ ጋሽ በቀለ ሄድኩ። ጋሽ በቀለ የአቦ የድሮ ወዳጅ ናቸው፣ በየዓመቱ አሰቦት ገዳም የሚሳለሙ ሰው። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙና ጣታቸውን መቀመጫው ላይ አሳርፈው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ድስት መስሏቸው ነበር። በሩን ደግሞ ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርጌ ነው የሣልኩት፤ ሲከፈት ከመቀመጫው ጋር ይጋጫል፣ የገባ ሰው በዚያው ይከርማል። ወረቀቱን ገለበጡና በጀርባው ያለውን የአንድ ሰውዬ መንጃ ፈቃድ አይተው «ይኸኛው ይሻላል» አሉ።

ከዚያ ከልባቸው ጠየቁኝ። «ቂብላው በየት በኩል ነው?»

ሙስሊሟ እኔ፣ ጠያቂው እሳቸው። ሽንት ቤት ፊቱንም ጀርባውንም ወደ ቂብላ፣ ወደምንሰግድበት አቅጣጫ፣ አይሰጥም፤ ይህን ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ፣ እስክሪብቶ ስይዝ ግን ጠፍቶብኛል። እሳቸው በዚህ ከተማ የስንቱን ሙስሊም ቤት ገንብተዋል፣ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። መቀመጫውን በሩብ ዙር አዞሩልኝ። ስለዞረ የበሩ ችግርም አብሮ ተፈታ።

ለማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰሙኝና «እግዜር ይስጥሽ» አሉ። ለአቦ ትንፍሽ እንዳይሉ በአሰቦት ገዳም አስማልኳቸው። ማሉ። ምነው ባላስማልኳቸው።

ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ቱቦው ገባ፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ ብረቶቹ ተተከሉ። የቀረው መቀመጫው ነበር። ጭሮ ያሉትን ሱቆች በሜትር ይዤ ዞርኩ፤ ሁሉም ዝቅ ይላሉ። ባለሱቆቹ መቀመጫ በሜትር የምትለካ ሴት አይተው አያውቁም፣ አንዱ «ለማን ነው፣ ለዝሆን?» አለኝ። በመጨረሻ በደሳ ላይ ሆቴል የሠራ ሰው የተረፈው ረጅም መቀመጫ አለው ተባለና ሐሙስ ተሳፍሬ ሄድኩ። እውነትም አለው። ለካሁት፣ ከእትዬ ፋጡማ ወንበር ጋር እኩል ነው። ልስመው ምንም አልቀረኝ። ግን ያልታሰበ ዝናብ ዘንቦ መኪና ጠፋና አክስቴ ቤት ሁለት ቀን አደርኩ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተገኘ። ገበያ ስለነበር ሰው ሞልቷል፣ ጫት ሞልቷል፣ ቡና ሞልቷል። መቀመጫውን ጣሪያ ላይ ይጫን አሉኝ፤ ይሰበራል ብዬ እምቢ አልኩ። መተላለፊያው ላይ አስቀመጥኩት፣ የራሱን ሒሳብም ከፈልኩለት። ረዳቱ ጥቂት ሲያስብ ቆየና አንዲት ወፍራም ሴትዮ አስገብቶ እሱ ላይ አስቀመጣቸው። ከፍዬበታለሁ ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተደላደሉና በኦሮምኛ ከሁሉም ወንበር ይሄኛው ይመቻል አሉ። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ በመቀያየር እንቀመጥ አላቸው፤ እምቢ አሉ። ሳልወድ ደስ አለኝ። ጭሮ እስክንደርስ አንድ ጊዜ እንኳ ጉልበቴን አላሉም፤ ልኩ ልክ ነበር።

ቤት ስደርስ አቦ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ጋሽ በቀለ ከኋላው ቱንቢያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው የሰረቀ ሰው ፊት ይመስላል። አቦ መቀመጫውን አየት አደረገና በደጅ ተዪው አለኝ። እጄን ይዞ አስገባኝ። እጄን ከያዘኝ ስንት ዓመቱ መሰላችሁ።

መታጠቢያ ቤቱ አልቋል። ግን የእኔ ፕላን አይደለም። ብረቶቹ የሉም። መቀመጫው የሚተከልበት ቦታ ላይ ቁጢጥ የሚባልበት ነጩ ተርኪሽ ተተክሏል። ደፍ የሌለው በር ውኃው ወደ መኝታ ቤት እንዳይሄድ ተብሎ የክንድ ሩብ የሚያህል ደፍ ወጥቶለታል። ግድግዳው ላይ ጠርዙ ሮዝ የሆነ መስታወት ተሰቅሏል። ከጎኑ የሻሽ መስቀያ፣ ከታች የቅባት ማስቀመጫ። መስታወቱ ፊት ቆምኩ፣ ዓይኔ ከዓይኔ ጋር ገጠመ። እጄን ዘረጋሁ፣ መስቀያው መዳፌ ላይ ነው። ማንም አልለካኝም። የአባቴ ዓይን ብቻ ነው የለካኝ።

«ብረቶቹስ?» አልኩ።

«አስነቀልኳቸው። እስር ቤት አስመስለውት ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «በቀለ መቀመጫ ልታመጣ ሄዳለች ሲለኝማ ተቆጣሁት። መቀመጫ ለታመመ ሰው ነው። ወጣት ልጄ ላይ ለምን ታሟርታላችሁ አልኩት።»

ጋሽ በቀለ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉ። ምለዋል፤ ምን ይበሉ?

«እናትሽ መስታወት ያለው መታጠቢያ ስትለምነኝ ኖረች» አለ አቦ። «ነገ ነገ ስላት። ላንቺ እንኳ ይድረስ ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ አስተዋይ ልጅ ብትሆን አባቷን አመስግና፣ ሻይ አፍልታ፣ ነገሩን ቀስ ብላ በሳምንቱ ታነሳዋለች። እኔ አፌን ከፈትኩና «ላንተ ነበር» አልኩት። «ብረቱም፣ በሩም፣ መቀመጫውም ላንተ ነበር።»

ደፉን በእግሩ ነካ አደረገ። «እኔን ማን በሽተኛ ነው አለሽ?» አለኝ።

«ሎሚዋ» አልኩት።

ወጥቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰማሁ። ሄጄ ባየው መርፌው ላይ ክር የለም፤ ባዶውን ይሰፋል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት መብራት መጣ እንኳ አልተባባልንም። መጥቶም ሄዶም ነበር። ከሁሉ የባሰው ፕላስቲኩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስመለስ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ባስቀመጥኩበት ቦታ አገኘሁት። እሱም አልጠጣ፣ ሎሚዋም አልጠጣች። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ማታ ጎኑን በእጁ ደግፎ ሲያልፍ አየሁት፤ እንዳላየሁ ሆንኩ፣ እሱም እንዳላየሁት ሆነልኝ። ላድነው ብዬ ይበልጥ አስጠማሁት።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አልሄድኩም። ከመኪናው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የአንድ ሰው ኮት ይጠግናል። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር፣ ዓይኔ ኮቱ ላይ ስላረፈ ከኮቱ ጀመርኩ።

«አቦ፣ አንድ ትከሻው የወረደ ሰው ኮት ሲያሰፋ ምን ታደርጋለህ?»

«በወረደው በኩል ጥጥ አስገባለሁ።»

«ትነግረዋለህ?»

«ምኑን?»

«ትከሻህ ወርዷል ብለህ።»

መኪናውን አቆመ። «ለምን እነግረዋለሁ? ለብሶት ይሄዳል እንጂ።»

«እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።»

ኮቱን ጭኑ ላይ አስተካከለ። አስተካከለ፣ እንደገና አስተካከለ። እጁ እንጂ ፊቱ አይታየኝም ነበር።

«ታች ወድቄያለሁ» አለ። «ሁለት ጊዜ።»

«አንዱን አውቃለሁ።»

«በሁለተኛው መነሳት አቃተኝና እዚያው ተቀምጬ ቆየሁ። ቤት ነበርሽ።»

«ብትጠራኝ እመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «ለዚያ ነው ያልጠራሁሽ።»

ኮቱን ከጭኑ አንስቶ መኪናው ላይ አስቀመጠ። ቀጥሎ ያደረገው ግን አሁንም ያስገርመኛል። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣለ፣ የልብስ ጠመኔውን አነሳ፣ ደጅ፣ እንዳይሰበር በሣር ተጠቅልሎ ወደተቀመጠው መቀመጫ ሄደ። ሣሩን ገለጠለት። ሱሪውን ከጉልበቱ ሳብ አድርጎ፣ ፀሐይ ላይ፣ መንገደኛ እያየው፣ ቁጭ አለበት። ተነሳ። እንደገና ቁጭ አለ። ቁመቱን ማን እንደለካው ጠየቀኝ፤ እኔ አልኩት። «ግማሽ ጣት ይተርፋል» አለ፣ «ግን ጫማ ሳደርግ ልክ ይመጣል።» ስለ ሙያዬ የሰጠኝ ትልቁ ምስጋና ይህ ነው።

ጋሽ በቀለ ተጠሩ። ተርኪሹ ወጣ፣ ደፉ ፈረሰ፣ ግድግዳው ለሦስተኛ ጊዜ ተለሰነ። ብረቶቹ የሚተከሉበትን ቦታ አቦ ራሱ እጁን ዘርግቶ በጠመኔ ምልክት አደረገ። አምስት ቀን ስቃይ ነበር። ልብስ ሰፊ ግንብ አሠሪ ሲሆን ምን እንደሚመስል አታውቁም። ሴራሚኩ ስፌቱ ተጣሟል ይላል። ልስኑ እጥፋት አለው ይላል። ጋሽ በቀለ ለስንት ዓመት ወዳጅነታቸው ሲሉ ታገሱት፤ አንድ ቀን ብቻ የልስን ማንኪያቸውን ጥለው «እንግዲህ ቁልፍም ልተክልልህ?» አሉት። መስታወቱን ለእሱም እንዲሆን ትንሽ ከፍ እናድርገው ብላቸው አቦ አልሰማኝም። የልጄ ነው፣ ማንም አይነካውም አለ።

ባለቀ ማግስት ጋሽ በቀለ ሥራቸውን ሊያዩ መጡ። እትዬ ፋጡማም ወንበራቸውን ሊጠይቁ፣ በዚያውም ሽማግሌዎቹ የት እንደቀሩ ሊያጣሩ መጡ። ሽማግሌ እንደሌለ ስነግራቸው ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሚንቶ ለምንድነው አሉ፤ ከልባቸው ነው ያዘኑት። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ሻይ በፔርሙስ አቀረብኩ። አቦ አንዱን ብርጭቆ ጨረሰ። ሁለተኛውን ቀዳሁለት፣ እሱንም እያወራ ጨረሰው። ስለ ጫት ዋጋ ነበር የሚያወሩት፣ ወይ ስለ እትዬ ፋጡማ ልጅ ፈተና፣ አልሰማሁም፤ እኔ ብርጭቆውን ነበር የማየው።

ከዚያ አቦ ብድግ አለ። ጋሽ በቀለ ወዴት ነው ብለው ቀና አሉ።

«ሽንት ቤት ገብቼ ልምጣ» አለ።

ድምፁን ዝቅ አላደረገም። እትዬ ፋጡማ ባሉበት፣ እኔ ባለሁበት፣ መብራት መጣ በሚልበት ድምፅ ነው ያለው። ሁለቱም ወሬያቸውን ቀጠሉ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ሳይመለስ ሦስተኛውን ሞላሁለት።